የሸማኔው ደረት

«አንድ ሸማኔ ነበረ» አሉ የኔታ ጥዑመልሳን።

ይህን ማለታቸው ዲያቆን እንዳላማው ላቀረበላቸው ጥያቄ መልስ ነበር። በዚያ ጠዋት የአራስ ሕፃናትን ሞት የሚያጠኑ ሁለት ሰዎች ወደ ዲያቆኑ ቤት መጥተው፣ ባለፈው ክረምት ስለሞተው አራስ ልጁ ሚስቱን ሊጠይቋት ፈልገው ነበር። እሱ ግን ደጁን ዘግቶባቸው ወደ መምህሩ መጣ። «የኔታ፣ ልጄን የወሰደው ፈጣሪ ነው። ታዲያ ለምን ሞተ፣ እንዴት ሞተ ብሎ መመርመር ከእሱ ጋር መሟገት አይሆንም?» አላቸው።

የኔታም ታሪኩን እንዲህ ነገሩት።

ሸማኔው እጁ የተባረከ ነበር፤ የሠራው ጋቢ ከሩቅ ይለያል። ሚስቱን ዘርፌን ይወዳታል። ሐዘናቸው አንድ ነበር፤ ልጅ አልበረክት አላቸው። ዘርፌ ሁለት ጊዜ ወለደች፤ ሁለቱም ያለ ወራቸው የመጡ፣ እፍኝ የማይሞሉ ነበሩ። ሸማኔው ለእያንዳንዳቸው ከሁሉ የላመውን ጥጥ መርጦ፣ ወፍራም ጋቢ ሠርቶ ጠቀለላቸው። ሁለቱም ግን ሳይሰነብቱ ሞቱ። ጎረቤት መጣ፣ አለቀሰ፣ «እግዜር ሌላ ይስጣችሁ» ብሎ ሄደ። ሸማኔውም ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ስለ ልጆቹ ማንም እንዲያነሣበት አይፈልግም ነበር፤ ሚስቱ እንኳ ብትሆን።

አንድ ቀን ከጤና ጣቢያው አንዲት አዋላጅ ነርስ መጣች። በየመንደሩ እየዞረች አራስ ልጅ የሞተባቸውን እናቶች ታነጋግር ነበር።

«ጋሼ፣ ስለ ልጆችዎ ልጠይቅዎ ነበር» አለችው።

«የሞተ ልጅ ምን ይጠየቃል? ቁስላችንን ልትነካኪ ነው የመጣሽው?» ብሎ ቱግ አለ።

ነርሷ ይቅርታ ጠይቃ ልትሄድ ስትነሣ ዘርፌ ከጓዳ ወጣች። «ቁጭ በይ እህቴ» አለቻት። «እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እኔ እነግርሻለሁ።»

ሸማኔው ተቆጥቶ ወደ ሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ገባ። መወርወሪያውን በኃይል እየወረወረ ላለመስማት ሞከረ፤ ግን ይሰማዋል። ዘርፌ ልጆቹ እንደ ተወለዱ በውኃ መታጠባቸውን፣ በጋቢ ተጠቅልለው ለብቻቸው መደብ ላይ መተኛታቸውን ነገረቻት።

«ሁለቱም ከመሞታቸው በፊት ቀዝቅዘው ነበር» አለች። «እግራቸውን ስነካው በረዶ ነው። ለባሌ አልነገርኩትም። እሱ ጋቢ እየደረበላቸው ነበር፤ ምን ብዬ ልንገረው?»

የሸማኔው እጅ ባለበት ቆመ።

ነርሷ የሰማችውን ይዛ ሄደች። ለካ ከብዙ እናቶች ይህንኑ ሰምታ ኖሯል። እሷና ባልደረቦቿ ነገሩን አብረው መረመሩት፤ ሕፃናቱን የሚጎዳቸው ብርድ መሆኑንም ተረዱ። ያለ ወራቸው የተወለዱትን ሕፃናት በእናታቸው ገላ ላይ እያስተኙ፣ ማን ተረፈ፣ ማን ታመመ እያሉ ተከታተሉ። ብዙዎቹ ተረፉ።

ዘርፌ ዳግመኛ ስትፀንስ ነርሷ መጥታ፣ «ምጡ ሲጀምርሽ እኛ ዘንድ ነይ» አለቻት። እንደ ፈሩትም ምጡ ያለ ወሩ መጣ። ሸማኔው ከጎረቤቶቹ ጋር ሚስቱን በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ አደረሳት። ሴት ልጅ ተወለደች። ዘርፌ ግን ደም ፈሰሳትና ራሷን ሳተች፤ ሐኪሞቹ እሷን ለማዳን ይሯሯጡ ጀመር። ነርሷ ሕፃኗን አድርቃ ወደ አባትየው ይዛት ወጣች። የማሞቂያ መሣሪያ በዚያ ቤት አልነበረም።

ሸማኔው ያመጣውን አዲስ ጋቢ ዘረጋ።

«ጋቢው በኋላ ይጠቅመናል» አለችው። «ጋቢ ያለውን ሙቀት ይይዛል እንጂ ሙቀት አይሰጥም። ይቺ ልጅ ደግሞ ለራሷ የሚበቃ ሙቀት ገና የላትም። የሰው ገላ ያስፈልጋታል። ሸሚዝዎን ያውልቁ።»

«እኔ? እኔኮ ወንድ ነኝ!»

«ገላዎ ይሞቃል አይደል?»

ቃሬዛውን የተሸከሙት ሰዎች ደጅ ቆመው ያያሉ። አንዱ ሳቁን አፈነ። ሸማኔው የሁለቱን ልጆቹን ፊት ደፍሮ ትኩር ብሎ አይቶ አያውቅም ነበር፤ የዚህችን አየ። ከዚያ ሸሚዙን አወለቀ።

ነርሷ ሕፃኗን ደረቱ ላይ አስተኝታ በጋቢው አጥብቃ አሰረቻት። እግሯ ሆዱን ሲነካው ገላው ሽምቅቅ አለ። ሚስቱ ብቻዋን ይዛው የኖረችው ብርድ ይህ ነበር። እንዳትጎዳበት መተንፈስ እንኳ ፈራ። ፀሐይ አዘቀዘቀች፤ እሱ ከተቀመጠበት አልተነቃነቀም። ብርዱ ቀስ በቀስ ለቀቀ። ልጅቱ ተላወሰች፤ አፏን ከፈት አድርጋ በደረቱ ላይ ጡት ፈለገች። ወዲያው ሆዱን አንድ ሙቅ ነገር አረጠበው።

«ሸናችብኝ!» ብሎ ጮኸ። «ኧረ ሸናችብኝ! ደግሞ ትሞቃለች!»

ይስቃል፣ እንባውም ይወርዳል። ሳቁን ያፈነው ሰውዬ ዞር ብሎ ዓይኑን ጠረገ።

ነርሷ ብቅ ብላ፣ «ዘርፌ ነቅታለች፤ ደሙም ቆሟል። ‹ልጄስ?› እያለች ነው» አለችው። ሸማኔው ሕፃኗን ከደረቱ ሳያወርድ ገባ። ዘርፌ እጇን በጋቢው ሥር ሰድዳ የልጅቱን እግር ነካች። «ይሞቃል» አለች።

የኔታ ወደ ዲያቆኑ ዞሩ።

«ልጄ እንዳላማው፣ አንተም እንደዚያ ሸማኔ ነህ። ሐዘንህን ቆልፈህ ዝምታህን እምነት ብለኸዋል። አልፈርድብህም። ግን እግዚአብሔር ያን ሙቀት በአባትየው ደረት ውስጥ አስቀምጦት ነበር፤ ከመጀመሪያው ልጅ ጀምሮ እዚያው ነበር። የጎደለው የሚጠይቅ ሰውና የምትመልስ እናት ነበሩ። ዛሬ ደጅህ የመጡት ሰዎችም ከፈጣሪ ጋር አይሟገቱም፤ መዳኛውን የት እንዳኖረው ይፈልጋሉ እንጂ። ሚስትህ ያየችውን ትናገር። የእሷን ቃል የሚጠብቅ ገና ያልተወለደ ልጅ አለ። በል ተነሥ፤ ሰዎቹ ከመንደሩ ሳይወጡ ድረስባቸው።»