የታንጉት ካሴት

ስሙማ። ይህ ወሬ ይደጋገማል፤ በተደጋገመ ቁጥርም ይረዝማል። የሚቸኩል ካለ ከአሁኑ መንገዱን ይያዝ።

ቀጨሞ የምትባል ትንሽ ከተማ ነበረች። ኮረብታዋ ላይ የራሷ የቴሌቪዥን ጣቢያ ነበራት። ምስሉ ከከተማዋ ዳርቻ አያልፍም፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ እዚያም አይደርስም። ከኮረብታው ሥር ደርበው የሚባል ድንጋይ ጠራቢ ይኖር ነበር። ዕድሜው ሃምሳን የተጠጋ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ደንበኛ "ስንት ቀን ይፈጅብሃል?" ሲለው በጣቱ ያሳያል እንጂ አይናገርም።

ይህ ደርበው አንድ ነገር ፈለገ። አንዲት ካሴት ማየት ፈለገ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው ዝናብ ቀረ፤ ቤት ውስጥ የሚበላ ጠፋ። አንድ ማለዳ እናቱ ታንጉት ተኝታ ሳለ ተነሣ። በር አጠገብ ተጣጥፎ የተቀመጠውን ጋቢ አንሥቶ ወደ ቆላ ወረደ። ቤቱ ሌላ ጋቢ አልነበረውም። ደህና ሁኚ አላላትም። ሁለት ዓመት ሰሊጥ አጨደ። ወባ ጣለው፤ ተነሣ፤ እንደገና አጨደ። ሲመለስ ቤቱ ተዘግቷል። ታንጉት ያረፈችው በብርዱ ወር ነበር። ጎረቤቷ፣ "እናትህ ከማረፏ በፊት በቴሌቪዥን ጠርታህ ነበር፤ በሰላምታ ፕሮግራም" አለችው። "እሺ" አለ። ምን ብላ እንደጠራችው አልጠየቀም። ጋቢዋን ይዞባት የሄደን ልጅ እናት ምን ብላ እንደምትጠራው የሚያውቅ መስሎታል።

ሠላሳ ዓመት እንዲህ አለፈ።

አንድ ሰኞ አዲስ ወሬ መጣ። ጣቢያው ወደ ዞኑ ከተማ ሊዛወር ነው፤ በርክክብ ያልተፈረመበት ዕቃ ሁሉ ዓርብ ይቃጠላል። ደርበው መዶሻውን አስቀመጠ። ኮፍያውን ደፍቶ ኮረብታውን ወጣ።

የጣቢያው ባለቤት ረድኤት የምትባል ወጣት ናት።

"ጋሼ ደርበው! አጥሩን ሊሠሩልን መጡ?"

"የእናቴን ካሴት።"

ረድኤት በመስኮት ገብታ አንዱን ካርቶን ስትጎረጉር ቆይታ አወጣችው። አቧራውን በቀሚሷ ጠረገች። ደርበው እጁን ዘረጋ፤ እርሷ ግን ካሴቱን ደረቷ ላይ ያዘችው።

"ብሰጥዎትስ በምን ያዩታል? ይህን የሚያጫውተው ያ ትልቁ ማጫወቻ ብቻ ነው። ሐጂ ኑሪ ጣቢያውን ሲሸጡልኝ 'ለማስታወሻ' ብለው ይዘውት ሄዱ። እኔም ማጫወቻው ካልገባ ርክክቡን አልፈርምም አልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ አልፈረምኩም። ካልፈረምኩ ካሴቱ የእኔ አይደለም። የእኔ ካልሆነ እንዴት እሰጥዎታለሁ? ማጫወቻውን ያምጡልኝ፤ ያኔ ይውሰዱት።"

ማጫወቻ ያላገኘችው ረድኤት ካሴቱን አልሰጥም አለች። ደርበውም ኮፍያውን ደፍቶ ሄደ።

ሐጂ ኑሪ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ። ማጫወቻውን ሱቃቸው ውስጥ ጥልፍ አልብሰው፣ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀምጠውበታል።

"ይህን? ደርበው ልጄ፣ ይህን አልሰጥም" አሉ። "ጣቢያውን ከማዘጋጃ ቤት ስገዛ የበሩን ቁልፍ ከለከሉኝ። ስድስት ዓመት በመስኮት ገባሁ! የጣቢያ ባለቤት በመስኮት ሲገባ አይተህ ታውቃለህ? አንድ ቀን መንገደኛ 'ሌባ!' ብሎ ጮኸ። ሕዝብ ተሰበሰበ፤ ካሜራዬም ወጣ። በገዛ ጣቢያዬ ዜና ሆንኩ!"

"ታዲያ በሩን ሰብረው ለምን አልቀየሩትም?"

"ለምን እሰብራለሁ? ቁልፍ አለው እኮ! እትዬ ዘርፌ ጋ ነው። ቁልፌ ይምጣ፤ ማጫወቻው ይሄዳል።"

ቁልፍ ያላገኙት ሐጂ ኑሪ ማጫወቻውን አልሰጥም አሉ፤ ማጫወቻ ያላገኘችው ረድኤት ካሴቱን አልሰጥም አለች። ደርበውም ኮፍያውን ደፍቶ ሄደ።

እትዬ ዘርፌ በማዘጋጃ ቤት ሃያ ዓመት የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ቁልፉ ግን አንገታቸው ላይ ነው፤ ከማተባቸው ጋር አስረውታል።

"ሐጂ ላከህ? ገና በመስኮት ይግባ!" አሉ። ከዚያ ደርበውን ትክ ብለው አዩትና ድምፃቸው ለሰስ አለ። "አንተማ የታንጉት ልጅ ነህ። ተቀመጥ። ስማኝ፤ ጣቢያውን ከንብ አናቢዎች ማኅበር ስንረከብ የእንግዳውን ወንበር ወሰዱብን። ሰላምታ የሚልክ ሁሉ የሚቀመጥበትን። በእኛ ጊዜ ከንቲባው ሳይቀሩ መግለጫ የሰጡት የለስላሳ መጠጥ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ነው። 'ከተማችን በጽኑ መሠረት ላይ…' ሲሉ ሣጥኑ ተሰበረ። በቀጥታ ስርጭት! ወንበሩ ካልመጣ ቁልፉ ከአንገቴ አይወርድም።"

ደርበው ሊወጣ ሲል፣ "እናትህም የተቀመጠችው እዚያ ወንበር ላይ ነው" አሉት። ደርበው በሩ ላይ ጥቂት ቆመ። ዞሮ ግን አላየም።

ወንበር ያላገኙት እትዬ ዘርፌ ቁልፉን አልሰጥም አሉ፤ ቁልፍ ያላገኙት ሐጂ ኑሪ ማጫወቻውን አልሰጥም አሉ፤ ማጫወቻ ያላገኘችው ረድኤት ካሴቱን አልሰጥም አለች። ደርበውም ኮፍያውን ደፍቶ ሄደ።

ማክሰኞ ሆነ። የንብ አናቢዎቹ ሊቀ መንበር የነበሩት አቶ ጉደታ ከቀፎዎቻቸው መሐል ቆመዋል። ወንበሩ ዛፍ ሥር ነው፤ ላዩ ላይ ቀፎ ተቀምጦበታል።

"ቀስ በል፣ አታስደንግጣቸው" አሉ። "ወንበሩን? በምን ዕዳዬ! እኛ ጣቢያውን ከመምህር ልሳነወርቅ ስንረከብ ማይክሮፎን የለም። ጠየቅን፤ 'አይሰጥም' አሉ። ምክንያትም አልነገሩን። ምን እናድርግ? የመናኸሪያውን የድምፅ ማጉያ ተዋስን። ዜና ማንበብ በጀመርን ቁጥር ከተማው ውስጥ ያለ መንገደኛ ሁሉ አውቶቡሱ የተነሣ መስሎት ሻንጣውን አንሥቶ ይሮጣል! እኔም ስናስረክብ ተናድጄ ወንበሩን ተሸክሜ ወጣሁ። ማይክሮፎኑ ይምጣ፤ ንቦቹን ለምኜ አስነሣልሃለሁ።"

ማይክሮፎን ያላገኙት አቶ ጉደታ ወንበሩን አልሰጥም አሉ፤ ወንበር ያላገኙት እትዬ ዘርፌ ቁልፉን አልሰጥም አሉ፤ ቁልፍ ያላገኙት ሐጂ ኑሪ ማጫወቻውን አልሰጥም አሉ፤ ማጫወቻ ያላገኘችው ረድኤት ካሴቱን አልሰጥም አለች። ደርበውም ኮፍያውን ደፍቶ ሄደ።

ረቡዕ ጠዋት መምህር ልሳነወርቅ ቤት ደረሰ። መምህር ጣቢያውን ከተማሪዎቻቸው ጋር በብየዳና በሽቦ የመሠረቱት የመጀመሪያው ባለቤት ናቸው። አሁን ዓይናቸው ደክሟል። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

"ማነው?"

"ደርበው ነኝ።"

መምህር ጆሯቸውን ወደ ድምፁ አዘነበሉ። "የታንጉት ደርበው?" አሉ።

"አዎ።"

"ዘገየህ።"

በዳሰሳ ገብተው ሁለት ነገር ይዘው ወጡ። አንደኛው በካልሲ የተጠቀለለ ማይክሮፎን ነው፤ ሁለተኛው ወፍራም መዝገብ። መዝገቡን ደርበው ጭን ላይ አስቀመጡት።

"የሰላምታ ፕሮግራም ሕጉ አንድ ነበር" አሉ። "ሰላምታ የተላከለት ይመልሳል። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ስም ሁለት መስመር ያለው፤ አንዱ ለላኪ፣ አንዱ ለመልስ። መስመሩ ሁሉ ሳይሞላ ማይክሮፎኑን ለማንም አላስረክብም ብዬ ማልኩ። አንዳንዱ ከወር በኋላ መጣ፤ አንዱ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ። ሁሉም ሞሉ። አንድ ቀረ። የመጨረሻውን ገጽ ግለጥ።"

ደርበው ገለጠ። "ወይዘሮ ታንጉት ቢሻው፣ ለልጃቸው ለደርበው" ይላል። ከሥሩ ያለው መስመር ባዶ ነው።

"ሦስት ጊዜ ሰው ላክሁብህ" አሉ መምህር። "ሦስቱንም ጊዜ 'ሥራ ላይ ነኝ' አልክ።"

"ሥራ ላይ ነበርኩ።"

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ?"

ደርበው ወደ ባዶው መስመር አቀረቀረ።

ነገሩ ዞሮ ዞሮ ራሱ ደርበው ላይ መጥቶ ቆመ። ደርበው መልስ አልሰጠም፤ መልስ ያላገኙት መምህር ማይክሮፎኑን አልሰጡም፤ ማይክሮፎን ያላገኙት አቶ ጉደታ ወንበሩን አልሰጡም፤ ወንበር ያላገኙት እትዬ ዘርፌ ቁልፉን አልሰጡም፤ ቁልፍ ያላገኙት ሐጂ ኑሪ ማጫወቻውን አልሰጡም፤ ማጫወቻ ያላገኘችው ረድኤት ካሴቱን አልሰጠችም። ደርበውም በዚህ ጊዜ ኮፍያውን አወለቀ። የሚሄድበት አልነበረውም።

"ምን እንዳለችኝ ሳልሰማ ምን ብዬ ልመልስ?" አለ።

"እኔ ሰምቻለሁ፤ ግን አልነግርህም። ያንተን ብቻ ተናገር።"

መምህር ማይክሮፎኑን ከአሮጌ መቅረጫቸው ጋር አገናኝተው በእጁ አስያዙት። ደርበው አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመ። ፀሐይዋ ከደጃፉ ተነሥታ ግድግዳው ላይ ወጣች። መምህር አልቸኮሉም፤ ሠላሳ ዓመት የጠበቀ ሰው ግማሽ ቀን አይከብደውም።

"እማዬ" አለ በመጨረሻ። "ደርበው ነኝ። ጋቢሽን ወስጄብሽ ነው የሄድኩት። አንቺ በርዶሽ እኔ ሞቆኝ ነበር። ይቅር በይኝ።"

ሌላ አልጨመረም። መምህር ብዕር አውጥተው መስመሩን በጣታቸው እየዳሰሱ ጻፉ፤ ፊደሉ ተንጋደደ፤ መስመሩ ግን ሞላ። ማይክሮፎኑንም ነቅለው በካልሲው ጠቀለሉት።

"በል ተነሣ። እኔም እመጣለሁ። እጄን ያዘኝ።"

ከዚያማ ማን ያቁመው! መልስ ያገኙት መምህር ማይክሮፎኑን ሰጡ፤ ማይክሮፎን ያገኙት አቶ ጉደታ ንቦቻቸውን በጭስ ለምነው ወንበሩን ሰጡ፤ ወንበር ያገኙት እትዬ ዘርፌ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ሰጡ፤ ቁልፍ ያገኙት ሐጂ ኑሪ ብርጭቋቸውን አንሥተው ማጫወቻውን ሰጡ። ሰጥቶ የቀረ ግን አልነበረም። ሐሙስ ረፋድ ላይ ሁሉም ተከታትለው ኮረብታውን ወጡ፤ ሐጂ ማጫወቻውን ታቅፈው፣ አቶ ጉደታ ወንበሩን ራሳቸው ላይ ደፍተው።

"ያ ወንበር ማር ማር ይሸታል" አሉ እትዬ ዘርፌ።

"በሣጥን ላይ ከመቀመጥ ይሻላል" አሉ አቶ ጉደታ።

በሩ ጋ ሲደርሱ ሐጂ ኑሪ ቁልፉን ለሌላ ሰው አልሰጡም። ራሳቸው ከፈቱ። አንዴ ገቡ፤ ወጡና ደግመው ገቡ።

"ሐጂ፣ ምነው?" አለች ረድኤት።

"ተይኝ፤ የስድስት ዓመት ውዝፍ አለብኝ።"

ማጫወቻ ያገኘችው ረድኤት ርክክቡን ፈረመች። ካሴቱንም ለደርበው ሰጠችው። ደርበው ግን አገላብጦ አይቶ መልሶ ለእርሷ ሰጣት፤ እርሷ አስገባችው። ወንበሩን ከቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጡለት። ተቀመጠ።

መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ መስመር ብቻ ታየ። ከዚያ ታንጉት መጣች። የተቀመጠችው እዚያው ወንበር ላይ ነው፤ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ከደርበው ታንሳለች፤ አሁን ካለበት ዕድሜ።

"ወይዘሮ ታንጉት፣ አንድ ደቂቃ አለዎት" ይላል የጎልማሳው መምህር ድምፅ።

"የቱን ነው የማየው? ይኼን? እዚህ ውስጥ ነው ያለው?"

"አዎ። ከዚያ ሆኖ ያይዎታል።"

ታንጉት ወደ ካሜራው ጠጋ አለች።

"ደርቤ" አለች። "ያን ዕለት ተኝቼ አልነበረም። ስትነሣ ሰምቼሃለሁ። ብነሣ አለቅሳለሁ፤ ባለቅስ አንተ ትቀራለህ፤ ብትቀር ደግሞ ምን አበላሃለሁ? ለዚህ ነው ዝም ያልኩት። ጋቢውን አጥፌ በር ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሳታየው እንዳታልፍ ፈርቼ ነበር። ይዘኸው ሄድክ። እግዜር ይስጥልኝ።"

ወደ ጎን ዞራ፣ "አለቀ እንዴ?" አለች።

"ገና አሥራ አምስት ሰከንድ አለ።"

"እንግዲያው ዝም ብዬ ልየው" አለች። የቀረውን ጊዜ ሁሉ ደርበውን አየችው። ደርበውም አያት። ከኋላው የቆሙት አምስቱ ባለቤቶች ወደ ወንበሩ ጠጋ አሉ።

መስመሩ ሲመለስ ደርበው ወደ ረድኤት ዞረ።

"ድገሚልኝ" አለ።

ረድኤት ደገመችለት። ቀጨሞ ውስጥ የሚደጋገመው ወሬ ይህ ነው፤ የቀረው እዚያው ኮረብታው ላይ ይቅር።