የኒደርፌልስ ጀልባና ሦስቱ ልጆች

በአንድ ወቅት፣ በስዊዘርላንድ ተራሮች መካከል፣ መንገድ የሚባል ነገር የማታውቅ ኒደርፌልስ የምትባል ትንሽ መንደር ነበረች። ከኋላዋ ፍየል እንኳ የማይወጣው ገደል፣ ከፊቷ ሐይቅ። ቤቶቹ በሁለቱ መካከል ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ስለቆሙ አንዱ ሲያስነጥስ ጎረቤቱ ከራሱ አልጋ ሆኖ ይማርህ ይለው ነበር። ቤተ ክርስቲያኑም፣ ወፍጮውም፣ ገበያውም ማዶ ነው። ዱቄት የሚመጣው በጀልባ፣ ሙሽራ የምትሄደው በጀልባ፣ አስከሬን የሚሻገረውም በጀልባ ነው። በበጋ ላሞቹ ሳይቀሩ ወደ ማዶ ግጦሽ በጀልባ ይወሰዱ ነበር። ላም ጀልባ ላይ ለማሳፈር ሞክሮ የማያውቅ ሰው ትዕግሥተኛ ነኝ ባይል ይሻለዋል።

መንደሩ አንድ ትልቅ ጀልባ ብቻ ነው ያለው፤ መሪውን የሚይዘውም አንድ ሰው ነው። መሪውን የያዘ፣ ወደቡ አጠገብ ያለውን ቤት አብሮ ይይዛል። መሬቱ እጅግ ጠባብ በመሆኑ ከየቤቱ በመንደሩ የሚቀረው አንድ ልጅ ነው። የቀሩት ተሻግረው ኑሯቸውን ሌላ ቦታ ይፈልጋሉ፤ ተመልሰው የሚመጡትም በእንግድነት ነው።

አቶ አሎይስ ይህን መሪ ከአባታቸው ተቀብለው ዕድሜያቸውን ሙሉ ይዘውት ኖረዋል። አሁን ግን ቀኝ ትከሻቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። በመጪው የመንደር ስብሰባ፣ ሕዝብ ፊት፣ መሪውን ከልጆቻቸው ለአንዱ ማስረከብ አለባቸው። ልጆቻቸው ደግሞ ሦስት ናቸው። ሜልኪዮር፣ ቬሬና እና ቤአት፤ ሦስቱም ጎበዞች፣ ሦስቱም ከመንደሩ መውጣት ሞት የሚመስላቸው። አንዱ እንኳ ሰነፍ ቢሆን አባትየው እፎይ ባሉ ነበር። ሁሉም ጥሩ መሆናቸው ነው እንቅልፍ የነሳቸው።

አሁን ስለ ነፋሱ ልንገራችሁ። ከደቡብ ተራሮች የሚወርድ፣ ሞቃትና ደረቅ፣ እብድ ነፋስ አለ። የመንደሩ ሰዎች ስሙን መጥራት ስለሚፈሩ «ትልቁ ሰውዬ» ይሉታል። ሐይቁን አቋርጦ ሲመጣ ላም ይደነብራል፣ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ባልና ሚስት ያለ ምክንያት ይጣላሉ። በአያቶቻቸው ዘመን ትልቁ ሰውዬ ከአንድ ምድጃ አንዲት ፍንጣሪ አንሥቶ፣ ዳቦው ሳይበስል መንደሩን በሙሉ አመድ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ሕጉ አንድ ነው፤ ነፋሱ ሲመጣ ጥሩምባ ይነፋል፣ እሳት ሁሉ ይጠፋል። ሾርባው ጥሬ ቢሆንም ጥሬውን ይቀራል፣ ፒፓ ከአፍ ይነጠቃል፣ ነፋሱ እስኪያልፍ ቀዝቃዛ አይብ ይበላል። በዚያ ሰዓት እሳት የለኮሰ ሰው በስብሰባ ላይ እጁን አንሥቶ ድምፅ የመስጠት መብት አይኖረውም።

በመከር ማብቂያ ላይ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ሰርግ ደረሰ። አቶ አሎይስ ሙሽሮቹንና ሰርገኛውን ማዶ ቤተ ክርስቲያን አድርሰው መልሰው ለማምጣት ተነሡ፤ የመጨረሻ ጉዟቸው ስለነበር ትልቁን ኮፍያቸውን አድርገዋል። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ አኮርዲዮኑ ይጮኻል፣ ጀልባው ከአፍ እስከ ገደፉ በሰው ሞልቷል።

ሜልኪዮር፣ የበኩር ልጃቸው፣ ነፋስን በአፍንጫው የሚያውቅ ሰው ነው። ሌላው ሰው ሰማይ እያየ ሲከራከር እሱ አንድ ጊዜ አሽትቶ ይጨርሳል። የዚያን ቀን ደግሞ ጥሩምባውን ይዞ እሳት የመጠበቁ ተራ የእሱ ነበር። ወደ ጀልባው መጥቶ፣ «አባባ፣ ዛሬ አይሻገሩ። ትልቁ ሰውዬ እየመጣ ነው» አላቸው። ሰርገኛው ሳቀበት። አባትየውም የሙሽራይቱን ፊት አይተው ጨከን ማለት አቃታቸው። «ደርሰን እንመለሳለን» አሉ። ሜልኪዮር ጀልባው ውስጥ ገብቶ ሕፃናቱን፣ ሽማግሌዎቹንና ነፍሰ ጡሮቹን አንድ በአንድ እያነሣ ወደ ምድር አወረዳቸው። የሰደበው ሰደበው፣ ያለቀሰው አለቀሰ። የሙሽራይቱ አያት በከዘራቸው መቱት። ጀልባው በግማሽ ቀልሎ ሄደ፤ እሱም ካወረዳቸው ሰዎች ጋር ወደቡ ላይ ቀረ።

ሰርጉ አማረ። ሲመለሱ፣ ሐይቁ መሐል ሲደርሱ፣ ትልቁ ሰውዬ መጣ። ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም፤ ነፋሱ ከጀርባቸው ሆኖ ወደ መንደሩ እየገፋ ይነዳቸዋል። ማዕበሉ በጀልባው ጠርዝ እየዘለለ ይገባል። አቶ አሎይስ ስንት ሰው እንደያዙ አሰቡ፤ እነዚያ የወረዱት ቢኖሩ ኖሮ ጀልባው አሁን ሐይቁ ሥር እንደነበር ገባቸው። ልጃቸውን ባለመስማታቸው አፈሩ፣ ፈሩም።

ይባስ ብሎ መሸት አለ። የኒደርፌልስ ወደብ መግቢያው በሁለት ድንጋዮች መካከል ያለ ጠባብ በር ነው። ሁልጊዜ ሲመሽ አቶ አሎይስ የሚያነጣጥሩት በቤቶቹ መስኮት ብርሃን ነበር። አሁን ግን ሜልኪዮር ጥሩምባውን ነፍቶ መንደሩ እሳቱን ሁሉ በውሃ ገድሏል። ከፊታቸው ያለው ጥቁር ገደል ብቻ ነው፤ ሚስታቸውን የቀበሩበት ቀን እንኳ እንዲህ አልጨለመባቸውም።

ቬሬና፣ ሁለተኛዋ ልጅ፣ ያን ጨለማ ከወደቡ ላይ ሆና አየችው። ቬሬና ማንኛውንም ነገር ከሰው ቀድማ የምታይ፣ ካየች በኋላም ለማሰብ የማትቆም ናት። ወደቡ ላይ የነበረውን፣ ጀልባው የሚለቀለቅበትን የቅጥራን በርሜል በመግቢያው ወዳለው ድንጋይ ጫፍ አንከባለለችው። «ቬሬና፣ መንደሩን ልታቃጥይው ነው?» አላት ሜልኪዮር። «አባባ በሩን አያዩትም» አለችውና ለኮሰችው። እሳቱ ተንቦገቦገ። ፍንጣሪው ተነሥቶ ወደ ጣሪያዎቹ በረረ። ሴቶቹ እርጥብ ጆንያ ይዘው መሰላል ላይ ወጡ፤ አንዱን ፍንጣሪ ሲያጠፉ ሌላው ይወድቃል። ቤቶቹ ተረፉ። የመበለቲቱ የወይዘሮ ክሬሼንዝ የሣር ጎተራ ግን ለክረምት ከተከማቸው ድርቆሽ ጋር ነደደ።

አቶ አሎይስ ብርሃኑን አዩ። መሪውን አዙረው በሩን ያዙ፤ ግን ማዕበሉ ጀልባውን ወደ ግራው ድንጋይ ይወስደው ጀመር።

ቤአት፣ የመጨረሻው ልጃቸው፣ ጀልባው ላይ የፊተኛውን መቅዘፊያ የያዘው እሱ ነው። በክንዱ የሚተማመን፣ ትእዛዝ የማይጠብቅ ጎረምሳ ነው። የቀዛፊዎች ደንብ ደግሞ ግልጽ ነው፤ መሪ የያዘው ሳያዝ መቅዘፊያውን የሚለቅ የለም። ቤአት ለቀቀ። የጀልባውን ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ውሃው ውስጥ ዘለለ። መቅዘፊያው ባዶ ሲቀር ጀልባው አንድ ዙር ተሽከረከረና ዳቦ ጋጋሪው ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ቤአት ግን የቀኙ ድንጋይ ላይ ደርሶ ገመዱን እዚያ ባለው የብረት ቀለበት አሳለፈ፣ መዳፉ ተልጦ ደም በደም እስኪሆን ድረስም ጎተተ። ጀልባው የግራውን ድንጋይ ለጥቂት ስቶ ወደቡ ገባ። ሙሽራይቱ ከነቬሎዋ ምድር ላይ ተቀመጠች፤ ሰው ሁሉ እየተቃቀፈ አለቀሰ።

ከሳምንት በኋላ መንደሩ ተሰበሰበ።

«ሜልኪዮር ባይኖር ልጄ ዛሬ የለም» አለች አንዲት እናት።

«እሱማ እግሩ ሳይረጥብ ከወደቡ ዳር ቆሞ አይደል?» አላት ከኋላ አንዱ።

«ቬሬና ሁላችንንም አወጣችን» አለ ሙሽራው።

«የእኔ ላም ክረምቱን ምን ትብላ?» አሉ ወይዘሮ ክሬሼንዝ። «አያቴ የሞተችው መንደሩ አመድ በሆነበት በዚያ በጥንቱ እሳት ነው። ሕጉ ለጨዋታ ነው እንዴ የወጣው?»

ዳቦ ጋጋሪው በምርኩዙ ተደግፎ ተነሣ። «እግሬን የሰበረው ቤአት ነው፤ ነፍሴን ያተረፈውም ቤአት ነው። እንዴት አድርጌ ልፍረድ?» ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

አቶ አሎይስ ልጆቻቸውን ወደ ፊት ጠሯቸው። «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» አሏቸው።

«ቢሰሙኝ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር» አለ ሜልኪዮር።

«ነገም ቢሆን እለኩሳለሁ። ልዋሽዎት አልችልም» አለች ቬሬና።

«ትእዛዝዎን ብጠብቅ ኖሮ ለመስማት የሚተርፍ ማን ነበር?» አለ ቤአት።

አቶ አሎይስ የመሪውን እንጨት በታመመ እጃቸው ይዘው ቆሙ። አንዱ ባይኖር ጀልባው ሐይቁ መሐል ይሰጥም ነበር፣ አንዷ ባትኖር በሩን ያጡት ነበር፣ አንዱ ባይኖር በሩ ላይ ይሰበር ነበር። የሁሉም ወላጅ ናቸው፤ አንዱን ብቻ ያስቀራሉ፣ ሁለቱን ከነጓዛቸው ይሸኛሉ። ሕዝቡ እጃቸውን ያያል።

እንግዲህ ሰዎች፣ አቶ አሎይስን እዚያው እንደቆሙ ትቼላችኋለሁና ተከራከሩ። በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ መሪውን የምትሰጡት ለማን ነው? የቀሩትን ሁለቱንስ ዓይናቸውን እያያችሁ ምን ብላችሁ ታሻግሯቸዋላችሁ?