ጉም ውስጥ የተጠራው ጃርት

ተረት ተረት ብዬ ስጠራችሁ «አቤት» በሉኝ።

በድሮ ዘመን ጥንቸልና ጃርት ከማዶ እንስሳት ጋር በኮረብቶች ላይ የዱላ ቅብብል ገጠሙ። የዚያን ቀን ጉሙ የገዛ እግርን እንኳ አያሳይም ነበር።

«ዱላውን ይዤ ስመጣ ስምህን እጠራለሁ» አለችው ጥንቸል። «አንተ አቤት በለኝ፤ ድምፅህን ተከትዬ እመጣለሁ።»

«እሺ፣ አንቺ ብቻ ጥሪኝ» አላት።

ጃርት ከኮረብታው ግርጌ ቆሞ ሲጠብቅ ከጉሙ ውስጥ «ጃርት!» የሚል ድምፅ መጣ። እሾሁ ሁሉ ቆመ። «ጅብ ቢሆንስ? ጅብ እንደሆነ ስም መጥራት ያውቅበታል» ብሎ ዝም አለ።

«ጃርት! እኔ ነኝ እኮ! የት ነህ?» አለች ጥንቸል። ጃርት ትንፋሹን ዋጠ።

ይኼኔ ከላይ፣ ከቋጥኙ ኋላ ሲያዳምጥ የቆየው ጅብ ድምፁን አለስልሶ፣ «አቤት!» አለ።

«እፎይ፣ መጣሁልህ!» አለች ጥንቸል። ወደ ቋጥኙ ስትሮጥ ኮቴዋ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማም።

ትንሽ ቆይቶ ዱላው ብቻውን እየተንከባለለ ወርዶ ጃርት እግር ሥር ቆመ።

«አቤት» አለ ጃርት፣ ለራሱ እንኳ በማይሰማ ድምፅ።