ከመርዶ የቀደመ ማጽናኛ

አንድ አስተርጓሚ ነበረ። አትቁነጥነጪ፤ ጥያቄሽን መመለሴ ነው። «የቃሉን ፍቺ አሳምሬ ካወቅሁ ለአስተርጓሚነት ምን ይጎድለኛል?» አላልሽኝም? ሰኞ ሆስፒታል ሥራ ስለምትጀምሪ ቸኩለሻል። ሰውየውም እንዳንቺ ችኩል ነበር።

ይህ ሰው ወጣትነቱን ካራቺ ስላሳለፈ ኡርዱን አቀላጥፎ ይናገራል፤ እንግሊዝኛው ግን ጎደሎ ነበር። አንድ ሆስፒታል ውስጥ ከፓኪስታን የመጣ ሐኪም ዘንድ ተቀጠረ። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ቃሉ ሲከብደው በኡርዱ ያብራራለታል፤ እሱም ባማርኛ ለበሽተኛው ይነግራል። አዲስ ቃል ባገኘ ቁጥር ደብተሩን ከኪሱ መዥረጥ አድርጎ ይጽፋል። ያቺን ደብተር እንደ ክታብ ነበር የሚይዛት።

እዚያ ሆስፒታል አንዲት ሴት በቀዶ ጥገና ወለደች። በማግሥቱ ባሏን መኪና ገጭቶ ገደለው። መቼም አራስ መርዶ አይነገራትም። ዘመዶቿ መከሩ፤ እስክትጠና ይደበቃት፣ ከዚያ ቤቷ ሰው ተሰብስቦ ማለዳ ይነገራት አሉ። አማቷ፣ የሟቹ እናት፣ ጥቁሯን አውልቃ ባለ ጥለት ቀሚሷን ለበሰችና ራስጌዋ ተቀመጠች። አስቢው እስኪ! የገዛ ልጇን ቀብራ መጥታ «ባልሽ መንገድ ሄዷል፤ ይልቅ ብይ» እያለች ታጎርሳት ነበር። አንጀቷ እንዴት እንደቻለ እንጃ።

አስተርጓሚው ይህን ምክር ጠዋት ኮሪደር ላይ ቆሞ ሰምቷል። ሰምቷል፤ ልቡ ግን ደብተሩ ላይ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ መጣ። የባልየውን መሞት ሰምቷል፤ መደበቁን ግን ማንም አልነገረውም። አራሷን እያየ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ተናገረ። አስተርጓሚው አያውቀውምና ጠየቀ። ሐኪሙም በኡርዱ፣ ሐዘን የደረሰበትን ሰው ማጽናናት ነው፣ ለቅሶ ስትደርሱ የምትሉት ነው ብሎ አስረዳው። ሰውየው ደስ አለው። አዲስ ቃል አገኘ ኧረ! ቶሎ ጻፈና ወደ አራሷ ዞረ።

«ዶክተሩ እግዚአብሔር ያጽናሽ ይሉሻል» አላት።

«ምን ሆኜ?» አለች።

ዞር ብላ አማቷን አየቻት። አማቷ ከጠዋት ጀምሮ የዋጠችው ለቅሶ አፈናት፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። ይኼኔ አራሷ ገባት። ካልጋዋ ወርዳ ደረቷን ስትደቃ ስፌቷ ተበጠሰ፤ በደም ተነክራ እንደገና ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቧት። ነፍሷ ተረፈ። ጡቷ ግን ደረቀ፤ ለሕፃኑ የሰው ጡት ሲለመንለት ከረመ።

አስተርጓሚው አሮጊቷን እየተከተለ፣ «እማማ፣ ፍቺው ትክክል ነው፤ ይኸው ጽፌዋለሁ» ይላል።

«ይሆናል ልጄ» አለችው። «ጠዋት ስንማከር ግን አጠገባችን አልነበርክም?»

ሰውየው ደብተሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

አየሽ የኔ ልጅ፣ አንቺም እንደዚያ ሰው ነሽ። አትኩረፊ፤ ፍቺ እንደሆን ከኔም ትበልጫለሽ። ቃሉን የምትነግሪውን ሰው ግን ገና አላየሽውም። ሰኞ አልጋው አጠገብ ስትቆሚ ሐኪሙን ብቻ አትስሚ። የተኛችው ሴት እስካሁን ምን እንደሰማች፣ ራስጌዋ ያለችው ምን ይዛ እንደተቀመጠች እይ። ካልገባሽ አፍሽን ያዢና ሐኪሙን ወደ ውጭ ጥሪው። አዘገየሽን ብለው ቢቆጡሽ፣ ይቆጡሽ።