ገንዳውን የሸፈነው አበባ

አንድ ጊዜ በቆላ አገር፣ ከአንድ ፍል ውሃ ምንጭ በታች፣ ለብ ያለ ውሃ የሚጠራቀምበት ሰፊ የድንጋይ ገንዳ ነበር። በውስጡ ጀርባቸው እንደ መዳብ የሚያብረቀርቅ ትንንሽ ዓሦች ይኖሩ ነበር። የገንዳው ጌታ ያረጀ አንበሳ ነው። ረፋዱ ላይ ዳር ተኝቶ ዓሦቹን ማየት ይወዳል። ጠባቂ አድርጎ የሾመው ደግሞ አያ ጅቦን ነበር።

በዚያ ዓመት ደራሽ ጎርፍ መጥቶ በገንዳው ውስጥ የበቀለውን ሣር ሁሉ ነቅሎ ወሰደው። ትልልቆቹ ዓሦች መደበቂያ ያጡትን የዓሣ ጫጩቶች ይበሏቸው ጀመር። አንበሳ ይህን አይቶ ጅቡን ጠራውና «ለዓሦቼ የሚስማማ ተክል መርጠህ ትከል። ተባዝተው ገንዳውን የሞሉት ዕለት እኩሌታው ያንተ ነው» አለው።

ጅቡ «እኩሌታው» የሚለውን ከሰማ በኋላ ሌላ ነገር ጆሮው አልገባም።

በመጀመሪያ ከገንዳው ዳር የምትኖረውን አሮጊት ኤሊ ጠየቀ። «እማማ፣ የቱን ብተክል ይሻላል ይላሉ?»

«ከምንጩ ሥር ቀጭን ሣር አለልህ» አለችው። «እዚያው ሙቅ ውሃ ውስጥ ስለበቀለ ሙቀቱን ለምዶታል። ሥሩን ብቻ አሸዋው ውስጥ ቅበር። ብርሃን አይከለክልም፣ ጫጩቶቹም ይደበቁበታል።»

«መቼ ይደርሳል?»

«ሁለት ክረምት ይፈልጋል።»

ጅቡ ሆዱን ዳሰሰና መንገዱን ቀጠለ።

መንገድ ላይ እመት ቀበሮ አገኘችው። ጭንቀቱን ከሰማች በኋላ በአቅራቢያው ወዳለ ሐይቅ ዳር ወሰደችውና ውሃው ላይ የተንሳፈፈ ሐምራዊ አበባ አሳየችው። «መቆፈር የለ፣ መቅበር የለ» አለችው። «ወርውረኸው ሂድ። በጥቂት ቀን እጥፍ ሆኖ ታገኘዋለህ።»

«ዓሦቹስ ይወዱታል?»

«አንድም ሳይቀር ወደ ላይ ይመጡልሃል» አለች ቀበሮ።

ጅቡ ሦስት እግር አበባ በአፉ ተሸክሞ ገንዳው ላይ ጣለ። በሳምንቱ ስድስት ሆነ፤ ከዚያ መቁጠር ተወ። አንበሳም አበባውን አይቶ ደስ አለው።

ሁለት ወር ሳይሞላ የገንዳው ውሃ ከዓይን ጠፋ። በቦታው አረንጓዴ መስክ የተዘረጋ ይመስል ነበር። በገንዳው ዳር ይኖሩ የነበሩት እንቁራሪቶችም ማንም ሳያያቸው ሄዱ። አንድ ማለዳ ጅቡ ጭር ባለው ገንዳ ዳር ቆሞ ሳለ፣ ከቅጠሎቹ ሥር ከንፈር የመምጠጥ ዓይነት ድምፅ ሰማ። ጎንበስ ብሎ ቅጠሉን ገለጥ አደረገ። መቶ የሚሆኑ ትንንሽ አፎች ወደ ሰማይ ተከፍተው ይዘጋሉ፣ ተከፍተው ይዘጋሉ። ጥላው ሲያርፍባቸው አንዳቸውም አልሸሸም። የጅቡ የጀርባ ጠጉር ቆመ።

ለቀበሮ ሲነግራት «እያመሰገኑህ ነው» አለችው። እሱም አመናት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተመልሶ መጣ። እንፋሎቱ በቅጠሎቹ መሃል ቀስ ብሎ ይወጣል። ቀበሮ ቅጠሉ ላይ እንደ ምድር ቆማ፣ አየር ያጠራቸውን ዓሦች አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል ትለቅማለች።

«እኩሌታው የኔ ነው» ብሎ ጅቡ ዘሎ ገባ። ለእሷ የጸናው ቅጠል ለእሱ ክብደት አልጸናም።

ከሥር ያለው ውሃ እንደ አፍ ውስጥ ይሞቃል። ከላይ እየነጋ ሳለ ከሥር ጨለማ ነው። እንደ ጠጉር የረዘሙ ሥሮች እግሩን ያዙት፤ የሞቱ ዓሦች ቀስ እያሉ ፊቱን ይነካኩታል። ቀና ቢል የገባበት ቀዳዳ በላዩ ተገጥሟል። ቅጠሉን በራሱ ገፍቶ አፍንጫውን ብቻ አወጣ፤ ዙሪያው ሁሉ ግን ቅጠል ስለሆነ ዳሩ በየት በኩል እንደሆነ ማወቅ አልቻለም።

«በዚህ በኩል ነኝ» አለ የኤሊ ድምፅ። «እኔ ሳወራ ወደ እኔ ና።»

እሷ ሳታቋርጥ እያወራች፣ እሱም ድምፅዋን እየተከተለ ድንጋዩን ጨበጠ። ሲወጣ ቀበሮ አልነበረችም።

አንበሳ መጥቶ «ዓሦቼ የት አሉ?» አለ።

«ከሥር ናቸው፣ ጌታዬ።»

አንበሳ ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር አየ። አላገሳም። «ንቀለው» ብቻ አለ።

ጅቡ በጋውን ሙሉ ሲነቅል ከረመ። ጣት የምታህል ስባሪ ያመለጠችው እንደሆነ ሳይውል ሳያድር እንደገና ትዘረጋለች። በመጨረሻ ብርሃን እስከ አሸዋው ሲዘልቅ ሰባት ዓሦች ብቻ ተረፉ። ያን ጊዜ ማንም ሳያዝዘው ወደ ምንጩ ሥር ሄዶ ቀጭኑን ሣር አመጣ፤ ሥር ሥሩን እየቀበረም ተከለው። በሁለተኛው ክረምት ማብቂያ ከሣሩ መሃል አንዲት ጫጩት ብቅ አለች። ጅቡም እንዳትደነግጥበት ትንፋሹን ይዞ፣ አገጩን ድንጋዩ ላይ አሳርፎ ሲያያት ዋለ።

ከዚህ የምንማረው፣ ወደ ቤታችን የምናስገባውን ነገር በውበቱና በፍጥነቱ ሳይሆን፣ ከገባ በኋላ ቀድመው ለነበሩት የሚተውላቸውን ብርሃንና ትንፋሽ አይተን መምረጥ እንዳለብን ነው።