በአንድ መፍቻ የሚፈታው ሮቦት

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ተማሪ ሆነው ሮቦት በሚሠሩበት ዘመን፣ መምህራቸው ጋሽ አንበሳ ሁለቱን ቡድኖች ጠርቶ እንዲህ አለ፦ «ያለኝ የመሥሪያ ክፍል አንድ ብቻ ነው። ሮቦቶቻችሁ ዱባ ጭነው ጉብታውን ይሻገሩና ማዶ ያራግፉ። ሰዓቱ ሲያልቅ ብዙ ያሻገረው ቡድን ክፍሉን ይወስዳል፤ የተሸነፈው ዕቃውን ጠቅልሎ ይወጣል።»

አንደኛው ቡድን ጅብና ቀበሮ፣ ሌላው አህያና ጃርት ነበሩ። ጅብ ክፍሉን የተመኘው አጥንት ሊያከማችበት ነው። አህያና ጃርት ግን ሌላ የሚሠሩበት ቦታ አልነበራቸውም። ከተሸነፉ ሮቦት መሥራት በዚያው ቀረ ማለት ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሮቦቱን መሄጃ ሠሩ። በግራ አንድ ሞተር፣ በቀኝ አንድ ሞተር፣ በየጎኑ ሁለት ጎማ፣ ሞተሩን ከጎማዎቹ ጋር የሚያገናኝ የብስክሌት ካቴና፤ አለቀ። ብሎኑ ሁሉ አንድ ልክ ስለሆነ በአንድ መፍቻ ይፈታል። ከዚያ ወዲያ ሥራቸው መንዳት ብቻ ሆነ። በድንጋይ ነዱት፣ በጭቃ ነዱት፣ የላላውን አጥብቀው እንደገና ነዱት።

ጅብ በበኩሉ ያገኘውን ሁሉ ይሰካል።

«ሁለት ሞተር ምን ያደርጋል? አምስት ይሁን!»

«አያ ጅቦ፣ ባትሪው አይችልም» አለች ቀበሮ።

«ባትሪም እንጨምራለን!»

ቀበሮ ተስፋ ቆረጠችና ሌላ ዘዴ አሰበች። ከውስጥ ጥርሱ ያለቀ ካምቢዮ ፈልጋ፣ ከውጭ አብለጭልጫ ወለወለችውና ወደ አህያ ሄደች።

«አህያ ወንድሜ፣ ያንተ ሮቦት እኮ ምንም አይጎድለውም፤ ፍጥነት የሚቀያይር ካምቢዮ ብቻ! ይኸው፣ በነጻ።»

አህያ ዓይኑ ካምቢዮው ላይ ተተክሎ ቀረ። «ጃርት፣ እንዴት ያምራል! ተመልካቹ ያብድልናል።»

«ሲበላሽስ፣ እመት ቀበሮ?» አለች ጃርት።

«ትፈቱታላችኋ!»

«በዚህ መፍቻ?»

ጃርት መፍቻውን በካምቢዮው ብሎን ላይ ሞከረችው፤ አልገጠመም።

አህያ በረጅሙ ተነፈሰ። «ይቅርብን። እኛ የምንፈልገው እንዲሄድልን ነው።»

ቀበሮ ግን ሐሳባቸውን ይቀይሩ ይሆናል ብላ ካምቢዮውን በክፍሉ በር ላይ ትታው ሄደች። ጅብ በዚያ ሲያልፍ ስታስቀምጠው አየ። «እኔን ደብቃ ለአህያ ስጦታ!» አለና አፈፍ አድርጎ ወሰደው፤ ለቀበሮ ትንፍሽ ሳይል ከራሱ ሮቦት ላይ ገጠመው።

የውድድሩ ቀን ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። የጅብ ሮቦት እያጓራ ተፈተለከና ዱባውን ቀድሞ አራገፈ። ይባስ ብሎ የአህያ ሮቦት ጉብታው አናት ላይ ካቴናው ወለቀ። ዝንጀሮዎች በሳቅ ተንከባለሉ።

«ክፍላችን ሄደ!» አለ አህያ።

«ገና ነው፤ መፍቻውን አቀብለኝ!» አለች ጃርት። ፈታች፣ መለሰች፣ አጠበቀች። ተመልካቹ ስቆ ሳይጨርስ ሮቦቱ ቁልቁል ወረደ።

በዚህ ጊዜ ከወዲያ ማዶ ቀጭ! የሚል ድምፅ ተሰማ። የጅብ ሮቦት ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይዞርም።

«አያ ጅቦ፣ ምን ጨመርክበት?» አለች ቀበሮ።

«ለአህያ የሰጠሽውን ካምቢዮ ነዋ! ሞኝ መሰልኩሽ?»

«ወይ ጉዴ! ጥርሱ ያለቀ እኮ ነው!»

ለማውጣት ተሯሯጡ። አንዱ ብሎን ትልቅ መፍቻ ይፈልጋል፣ ሌላው ትንሽ፣ የቀረው ደግሞ ከአምስቱ ሞተሮች ሥር ተቀብሮ እጅ አያስገባም። የአህያና የጃርት ሮቦት ግን ይጭናል፣ ይሻገራል፣ ያራግፋል፤ ደግሞ ይመለሳል። መጀመሪያ ደረሰበት፣ ከዚያ በለጠው፣ ከዚያም የዱባው ክምር ከጋሽ አንበሳ ጎፈር በላይ ሆነ። የሳቁት ዝንጀሮዎች ራሳቸው «አህያ! ጃርት!» እያሉ ይዘሉ ጀመር።

ጋሽ አንበሳ ሰዓቱ ማለቁን በግሳት አወጀና «ክፍሉ የእናንተ ነው!» አላቸው። አህያ ሜዳው እስኪያስተጋባ አናፋ። ጃርት ደስታዋን መያዝ አቅቷት እሾኋን ሁሉ አቁማ ስትጨፍር፣ ሊያቅፏት የመጡት ሁሉ ከሩቅ አጨበጨቡላት።

ከዚህ የምንማረው ለታይታ ከደራረብነው ብዙ ነገር ይልቅ፣ አሳምረን የምናውቀውና ሲበላሽ ራሳችን የምንጠግነው ቀላል ሥራ በጭንቅ ሰዓት እንደሚያወጣን ነው።