የይስማው ደወል

ባሕር ዳር፣ እኛ ሰፈር፣ ለሰው የሚሆን ቦታ ሳያሰናዳ ሰው የሚናፍቀውን የሚሸነቁጡባት አንዲት አባባል አለች። ዝም ብላ አልተወለደችም፤ የወለዳት ብስክሌት ነው። እኔም የሰማኋት ቆመው ካዩት ከእማሆይ አጸደ አፍ ነው።

አቶ ይስማውና አቶ ዋለልኝ አሥራ አንድ ዓመት ፋብሪካ የዋሉት በአንድ ብስክሌት ተመላልሰው ነው። ጠዋት ጠዋት ይስማው ዋለልኝ በር ላይ ሲደርስ ደወሉን ሦስቴ ያቃጭላል፤ ዋለልኝ ምሳውን በፌስታል አንጠልጥሎ ይወጣና ከኋላ ይፈናጠጣል። ኋላ የይስማው ሚስት ስታርፍ ዋለልኝ ዳንግላ ሄዶ ነበርና ለቅሶ የደረሰው ከሰልስት በኋላ ነው። ይስማው ከመቀመጫው እንኳ አልተነሳለትም። በዚያው ስድስት ዓመት ተዘጋጉ። ብስክሌቱም እየተፈታታ አልቆ፣ አጥንቱና የኋላ መቀመጫው ብቻ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ቀሩ።

ይስማው ጡረታ ሲወጣ ግን ቤቱ ጭው አለበት። ከቅዳሴ ሲመለስ «ደህና ገባህ ወይ?» የሚለው የለም። አንድ ቀን ያንን አጥንት አወረደ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው፣ አረንጓዴ ቀባው፤ ከዚህም ከዚያም ሁለት ቸርኬ፣ ካቴና፣ አንድ ፍሬን ለቃቀመ። ማርሽ አላሻውም፤ የባሕር ዳር መንገድ ሜዳ ነው። መቀመጫውንም ከኋላ አሰረ። የቀረው ደወል ነበር።

«እንደ ድሮው የሚጮህ አለህ?» አለው ጠጋኙን ሰይፉን።

«አንድ አለኝ። በኋላ መቀመጫዎ እንለዋወጥ። ደሞስ ማንን ሊያፈናጥጡበት ነው ጋሼ፣ መልአክ?»

ይስማው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው አለቀ። «እውነትህን ነው» ብሎ በገዛ እጁ ፈትቶ ሰጠው።

እሑድ ማለዳ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዋለልኝ በር ላይ ቆመና ሦስቴ አቃጨለ። ዝም። ደገመው። በሩ ሲጥ አለ። ዋለልኝ በከዘራ ወጣ።

«ይሄን ደወልማ መቃብር ውስጥም ብሆን አውቀዋለሁ» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ጉልበቴ ከድቶኝ ቤተ ክርስቲያን ከሳምኩ ዓመት አለፈኝ። በል አፈናጥጠኝ፣ ቅዳሴው ሳያልፈን።»

ዞሮ እግሩን ሊያነሳ ሲል የሚቀመጥበት የለም። ባዶ ጎማ።

«ልታፌዝብኝ ነው የመጣኸው?»

«ኧረ በጊዮርጊስ! ደወሉን ላገኝ ብዬ ነው የሰጠሁት። ልጠራህ ብዬ!»

ዋለልኝ ጎማውን ትንሽ አየና እግሩን እየጎተተ ገባ። በሩን ግን አልዘጋውም።

ይስማው መሪውን እንደያዘ ቀረ። ከወዲያ ማዶ ለቅዳሴ የወጡት ጎረቤታቸው እማሆይ አጸደ መጡና መቋሚያቸውን ተደግፈው ከንፈራቸውን መጠጡ። «በሩ ሳይዘጋ ሂድ መቀመጫውን አስመልሰው» አሉት። ከዚያም ደወሉን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «ወይ አንተ! መቀመጫውን ሰጥቶ፣ እንግዳ ጠርቶ!» አሉ።